የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትና ዘመናዊ መሣሪያ

በትምህርት ቤት ሳለን የሚከተለውን ያላየ ከመካከላችን የሚገኝ አይመስለንም። መምህሩ ፊሽካውን ይነፋል፤ ተማሪው ሁሉ ሜዳውን ይዞራል፤ ቀድሞ የደረሰው ሙሉ ማርክ ያገኛል፤ በመጨረሻ የደረሰው ግን ከማርኩ ማነስ በላይ የጓደኞቹን ሳቅ ተሸክሞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የስፖርት ልብሴን ረሳሁ» እያለ ከዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ይለምዳል። እንግዲህ ትምህርቱ ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልገው ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ከትምህርቱ ሸሸ ማለት ነው።

ጥፋቱ ከመምህሩ ክፋት የመጣ አይደለም። ዓይን ማን እንደ ቀደመ ያያል እንጂ ማን እንደ ለፋ አያይም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ዘመናዊ መሣሪያ ለሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሚጠቅመው ዓይን የማያየውን ሲያሳይ ብቻ ነው፤ ከዚህ ውጭ ከሆነ ግን ጌጥ ነው።

ዓይን ምን ያህል እንደሚሳሳት ከታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት ይነሣሉን? የሚል ክርክር ነበር። ሠዓሊዎች እግሮቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘርግቶ ሲበር አድርገው ይሥሉት ነበር። በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ 12 ካሜራዎች በተርታ ደርድሮ ጋላቢውን ፈረስ ፎቶግራፍ አነሣው። በእውነትም አራቱ እግሮች በአንድነት ከመሬት ይነሣሉ፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው ተዘርግተው ሳሉ ሳይሆን ከሆዱ ሥር በተሰበሰቡ ጊዜ ነው። ሰው ፈረስን ስንት ዘመን ሲያይ ኖሮ ይህን ሳያይ ቀረ!

ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ መሣሪያ በብዙ ተማሪ ኪስ ይገኛል። አንዳንድ የእጅ ስልኮች በአንድ ሰከንድ 240 ሥዕል ያነሣሉ፤ ሥዕሉም በሰከንድ 30 እየሆነ ሲታይ የአንድ ሰከንድ ዝላይ 8 ሰከንድ ይፈጃል። መምህሩ «ጉልበትህን እጠፍ፤ እጅህን ወንጭፍ» እያለ ቢጮኽ ተማሪው ያጠፈና የወነጨፈ ይመስለዋል። ዝላዩን ራሱ ባየው ጊዜ ግን እጆቹ ከጎኑ ተጣብቀው እንደ ቀሩ ይገነዘባል። ከዚያ በኋላ ጩኸት አያስፈልገውም።

ከዚህም የሚበልጠው ምሥጢር የልብ ምት ነው። ሰውነት ሲሠራ ጡንቻዎች ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋሉ፤ ልብም ይህን ለማድረስ ምቱን ያፈጥናል። ስለዚህ ምቱን የቈጠረ ሰው የልፋቱን መጠን በግምት ያውቃል። የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ ያለ ሽቦ የሚሠራ የልብ ምት መቈጣጠሪያ በ1982 ለገበያ አቀረበ። የዛሬው የእጅ ሰዓት ደግሞ በቆዳ ላይ አረንጓዴ ብርሃን እያበራ፣ ደም በእያንዳንዱ ምት ሲሞላና ሲጎድል የሚመለሰውን የብርሃን ልዩነት ይቈጥራል። ይህ ሰዓት ከሌለ ሁለት ጣትና ማናቸውም ሰዓት ይበቃሉ። ሩጫው እንዳበቃ ጠቋሚውንና የመካከለኛውን ጣት ከእጅ አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል አሳርፎ ለ15 ሰከንድ መቍጠርና በ4 ማባዛት ነው። አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ለመቍጠሪያ አይሆንም። ልብ ቶሎ ስለሚረጋጋም ቈጠራው መዘግየት የለበትም።

አሁን ሁለት የ16 ዓመት ተማሪዎች እናስብ። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር በ1968 ያስተዋወቀውን የ12 ደቂቃ ሩጫ ይሮጣሉ። አንደኛው 2,600 ሜትር ሄደ፤ ሁለተኛው 1,700። በሰዓቱ ፍርድ አንደኛው ጎበዝ፣ ሁለተኛው ሰነፍ ነው። ምታቸው ሲቈጠር ግን የአንደኛው 150፣ የሁለተኛው 185 ሆኖ ተገኘ። የልብ ከፍተኛ ምት በተለመደው ግምት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነውና ለሁለቱም 204 ይሆናል። አንደኛው ከዚህ 74 ከመቶ ያህሉን፣ ሁለተኛው 91 ከመቶ ያህሉን ሠርቷል። ታዲያ ሰነፉ ማን ነው?

የሆነ ሆኖ ምትም ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባውም። ቀመሩ ግምት ነው፤ ከሰው ሰው ከ10 ምት በላይ ሊለያይ ይችላል። ፍርሃትና ሙቀት፣ የቦታም ከፍታ ምትን ይለውጣሉ። 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከጋምቤላ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የመጣ ተማሪ፣ አየሩን እስኪለምድ ድረስ ልቡ ከወትሮው ይፈጥናል። ይህን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከከተማው ልጅ ጋር አወዳድሮ ማርክ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው። ትክክለኛው መንገድ ተማሪውን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ከጥቂት ሳምንታት ልምምድ በኋላ በዚያው ፍጥነት ሲሮጥ ምቱ ከቀነሰ ልቡ ጠንክሯል ማለት ነው። ይህ ውጤት መጨረሻ ለሚደርሰውም ተማሪ የተከፈተ በር ነው።

«መሣሪያው ጊዜ ይፈጃል፤ ክፍላችን 60 ተማሪ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በአንድ ስልክ ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ቢሰጥ 120 ደቂቃ ይጠይቃል፤ ክፍለ ጊዜው ግን 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ተማሪውን በ15 በ15 አድርጎ በአራት ምድብ መክፈል ያሻል። አንዱ ምድብ ይሮጣል፤ አንዱ ኳስ ይቀባበላል፤ አንዱ የጡንቻ ማጠንከሪያ ይሠራል፤ አንዱ በስልኩ ፊት ይዘላል። በየ8 ደቂቃው ቢለዋወጡ 32 ደቂቃ ይሆናል፤ የቀረው 8 ደቂቃ ለማሟሟቂያና ለማሳረጊያ ይተርፋል። በስልኩ ዘንድ ለአንድ ሰው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል። ይህም ለአንድ ዝላይ፣ ለእይታውና ለአንዲት እርማት ይበቃል። እርማቱ ከአንድ አይብለጥ፤ ሦስት ስሕተት በአንድ ጊዜ የተነገረው አንዱንም አያርምምና።

ደግሞም መሣሪያ ጊዜ የሚያተርፍበት ሁኔታ አለ። ካናዳዊው ሉክ ሌዤ ከባልደረባው ጋር በ1982 ያሳተመው የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ የሚፈልገው ሁለት መስመርና አንድ ድምፅ ማጉያ ነው። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ዓይነት ሩጫው በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በ0.5 ይጨምራል። ተማሪው ምልክቱ ሳይቀድመው ከመስመሩ መድረስ አለበት። ሜዳው ከበቃ ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ ይፈተናል። ነገር ግን እዚህም ቀድሞ የወጣ እንዳይሳቅበት መምህሩ መጠንቀቅ አለበት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንደኛ፣ የተማሪ ሥዕል የተማሪው ንብረት ነው። ሳይፈቅድ አይነሣ፤ ከትምህርቱ በኋላ ይደምሰስ፤ ለመሳለቂያ ከስልክ ወደ ስልክ አይተላለፍ። በተለይ እኅቶቻችን ከሜዳ የሚሸሹት በዚህ ስጋት ከሆነ መሣሪያው ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ደረቱን ያመመው ወይም ያዞረው ተማሪ ወዲያው ያቁም፤ ወደ ሐኪምም ይላክ። በቍጥር ስም ማንም አይገደድ።

ወንድሞችና እኅቶች! ከእኛ ብዙዎቻችን ነገ በየአካባቢው ክፍል ውስጥ ቆመን እናስተምራለን። ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፤ ሁለት ጣትና አንድ ሰዓት በእጃችን አሉ። በመጨረሻ የደረሰውን ልጅ ጠርተን «ምትህን ቍጠር» እንበለው። ምን ያህል እንደ ለፋ በቍጥር ሲያውቅ፣ እኛም ስናውቅለት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከዛፉ ጥላ ሥር ሳይሆን ከመነሻው መስመር ላይ እናገኘዋለን።