ስለ ሰምና ወርቅ

ሰው ባልንጀራውን በነገር ወግቶ ሲያበቃ፥ «ሰምና ወርቅ ነው የተናገርሁት» እያለ ሲያመካኝ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ስለዚህ ይህ አነጋገር ከየት እንደ ተገኘና ለምን እንደሚገባ ጥቂት ልንመለከት ወደድን።

ቃሉ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙንም በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ባዶ በቀረውም ስፍራ የቀለጠው ወርቅ ይገባበታል። እንግዲህ ሰም መልኩን ለወርቅ ሰጥቶ የሚያልፍ አገልጋይ ነው።

ሊቃውንትም ይህን ምሳሌ ለቅኔ ሰጡት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ በሆነው በጎጃም በዲማ ጊዮርጊስ፥ እንደ ሌሎቹም የቅኔ ጉባኤያት ሁሉ፥ ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የሰሙና የወርቁ መስማማት ይመረመራል። «የንስሐ ፀሐይ የኃጢአትን ጭጋግ ገፈፈ» ብንል፥ ፀሐይና ጭጋግ ሰም፥ ንስሐና ኃጢአት ወርቅ ናቸው፤ ሁለቱም በግልጥ ተነግረዋል። «ወደ አባቱ የተመለሰው ልጅ ተማረ» ብንል ግን፥ «ተማረ» የሚለው አንዱ ቃል ዕውቀት ማግኘትንም ምሕረት ማግኘትንም ይዟል፤ ይህም ኅብር ይባላል። በተለምዶ ግን ኅብሩም፥ ማናቸውም ስውር ንግግር ሁሉ «ሰምና ወርቅ» ተባለ። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዚሁ ስም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስላሳተመ፥ ቃሉ በውጭ አገር ሊቃውንትም ዘንድ ታውቋል።

ስውር ንግግር በራሱ ነቀፌታ የለበትም። ንጉሥ ዳዊት በበደለ ጊዜ ነቢዩ ናታን ስለ ድሀው ሰውና ስለ አንዲት በጉ ነገረው። ንጉሡ በባለጠጋው ላይ ሲፈርድ፥ ነቢዩ ሰሙን አቅልጦ ያ ሰው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ፊት ለፊት ገለጠለት፤ ዳዊትም ንስሐ ገባ። የናታን ወርቅ የበደለውን ሰው መመለስ ነበረ።

የእኛስ ሰም ሲቀልጥ የሚወጣው ምንድር ነው? ስድብ ወይም ሽንገላ ከሆነ፥ ከውስጡ ወርቅ የለም። እንግዲህ ወንድማችን «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ቢጠይቀን፥ ሳናፍር ልንፈታለት የማንችለውን ነገር አንናገር። ለዚህም የአምላካችን ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።