ዓድዋ በጭቃ ተራራ ላይ

የጦርነት ጨዋታ ማለት ያለፈውን ውጊያ በመሬት አምሳያ ላይ እየደገሙ «እንዲህ ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ መመርመር ነው። እኛም በደምበጫ የዓድዋን ተራሮች ከጭቃ ሠራን። አንዱ ፍሬ 500 ሰው ስለ ሆነ፥ ባቄላው (የኢትዮጵያ ጦር፥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃሜዎች ጭምር) ወደ 200፥ ሽንብራው (የኢጣልያ) ወደ 35 ደረሰ። የተኩሱን ውጤት በዘውድና ጎፈር ለየን።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጄኔራል አልቤርቶኔ በካርታ ስሕተት ከሌሎቹ ብርጌዶች ርቆ ሄዶ ተመታ። እኛ ይህን ስሕተት ብቻ አረምን፤ ሌላው እንደ ነበረ ቀረ፤ ብዙ ነገር ከለወጡ ምክንያቱ አይታወቅምና።

ዕጣ ሽንብራውን ሰጠኝ፤ ቅር እያለኝ መራሁ። ውጊያው ረዘመ እንጂ ባቄላው በመጨረሻ ከበበኝ። ጨዋታ ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም ጠላት ቢሳሳት እንኳ በስሕተቱ የሚጠቀም የተባበረ ሕዝብ ከሌለ ድል እንደማይገኝ ተረዳሁ።