በርእሰ ጉዳይ ቃል የጥናት መዝገብን ስለ መመርመር

በመርሳ ግብርናን የምታጠና፣ ወይም በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመመረቂያ ጽሑፍህን የምታሰናዳ ወጣት ሆይ፣ በሀብሩ ቆላ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን እየመጠጠ ስለሚያጠወልገው አቀንጭራ ልትጽፍ ብትነሣ፣ ጥያቄህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወስነህ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚያስተዳድረውን የጥናት መዝገብ፣ አግሪስን ክፈት።

ከዚህ በኋላ ግን እጅግ ተጠንቀቅ። በልብህ የመጣውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፈህ ጥቂት ብቻ ብታገኝ፣ ስለ ነገሩ የጻፈ ሊቅ የለም ብለህ አትፍረድ፤ አንዱ ደራሲ አረሙን በተለመደው ስሙ፣ ሌላው ስትራይጋ ብሎ፣ ሦስተኛውም በሙሉ ሳይንሳዊ ስሙ ስትራይጋ ሄርሞንቲካ ብሎ ይጠራዋልና። መዝገብ አዘጋጆቹ ይህን ልዩነት የሚያስታርቁት ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ የተወሰነ ቃል በመመደብ ነው። ያን ቃል በግምት አትፈልገው። እኔ ከሁሉ የምመርጠው መንገድ፣ ከጉዳይህ ጋር በእውነት የሚገጥም አንድ ጽሑፍ አስቀድሞ መያዝ ነው፤ ለምሳሌ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉትን የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን አንድ ሥራ ፈልግ፤ በባዕዳኑ ሥርዓት የሚመዘገቡት በአባታቸው ስም ስለ ሆነ ከእጀታ ጀምር። ጽሑፉን ስታገኝ ከአኅጽሮቱ በታች የተሰደሩትን የርእሰ ጉዳይ ቃላት አንዲት ፊደል ሳታጓድል ገልብጥ፤ በእነርሱም እንደ ገና ፈልግ። ቃሉን የአግሪስ የርእሰ ጉዳይ ቃላት በተሰበሰቡበት በአግሮቮክ መዝገበ ቃላት ብትመረምር ከበላዩ ሰፊውን፣ ከበታቹም ጠባቡን ታያለህ፤ ውጤቱ ሲያንስህ ወደ ሰፊው ውጣ፣ ሲበዛብህ ወደ ጠባቡ ውረድ።

የቦታው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የተመደበ ቃል አላት፤ ሀብሩን፣ ስሪንቃንና ወልዲያን ግን በርእስና በአኅጽሮት ውስጥ በተራ ቃል ፈልጋቸው፤ ወልዲያን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ ኦን፣ ሌላው ኢን፣ ሌላውም ኤን ያኖራልና ሦስቱንም ሞክር። የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ሥራዎች የማታጣቸው በዚህ ነው።

የሰው በሽታ የምታጠና ከሆንህ ደግሞ የሕክምና ጥናቶች መዝገብ የሆነው ፐብመድ እ.ኤ.አ. በ1960 በተጀመሩት የሜሽ ቃላት ስለሚመራ፣ የአግሮቮክን ቃል ይዘህ ወደዚያ አትሂድ። ገና ቃል ያልተሰጣቸው ጽሑፎችም እንዳያመልጡህ በመጨረሻ በተራ ቃል አንድ ጊዜ ፈልግ፤ የተጠቀምህበትን ቃል ሁሉና ቀኑን በደብተርህ አስፍር፣ መምህርህ ስለ ጥናትህ ዘዴ ሲጠይቅህ ከዚያ ትቀዳለህ።