ክሊራንስ ያልጨረሰው የኔትወርክ ካርድ

እኔ የ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ የራሴ ጥፋት ነው።

አንድ ማታ ኒውላንድ በተከራየሁት ቤት ሥራዬን ጨርሼ፣ ፍላሽ የምታክለውን የዩኤስቢ ኔትወርክ ካርድ ነቅዬ ላፕቶፔን ልዘጋ ስል እምቢ አለኝ። በየ10 ሴኮንዱ «ካርዱ ነፃ እስኪሆን እየተጠበቀ ነው፤ ተጠቃሚ 1» የሚል መልእክት ይደጋግማል። እኔም ቸኩዬ፣ ፋይል የምንገለብጥበት የሰፈራችን ሱቅ ቫይረስ እያሰራጨ ነው የሚል ዜና ለዚህ ቡለቲን ጻፍኩ። ደግነቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ጓደኛዬ አነበበውና «ቫይረሱን አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁም። ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ።

እንደሚታወቀው ሊኑክስ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሲስተም ነው። በዚህ ሲስተም የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር አራት ደረጃ ይከተላል።

1ኛ. ቦታ መያዝ። «አሎክ ኔትዴቭ» የካርዱን መዝገብ የሚይዝ ቦታ ከሜሞሪ ላይ ቆርጦ፣ በዜሮ ሞልቶ ያስረክባል። ድራይቨሩ የግሉን ነገር የሚያስቀምጥበት ክፍልም እዚያው ውስጥ ነው። ዶርም ተሰጠን፣ ሎከራችንም ክፍሉ ውስጥ ነው እንደማለት።

2ኛ. መመዝገብ። «ሬጂስተር ኔትዴቭ» ካለቀበት ቅጽበት ጀምሮ ሲስተሙ ካርዱን ሊጠራው ይችላል። ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ ከምዝገባው በፊት ማለቅ አለበት። ምዝገባው ካልተሳካ የሚሰረዝ ነገር የለም፤ የተያዘውን ቦታ መመለስ ብቻ ነው።

3ኛ. ስረዛ። «አንሬጂስተር ኔትዴቭ» ማለት ክሊራንስ ነው። መዝገቡን የተዋሱ ክፍሎች በሙሉ እስኪመልሱ ይጠብቃል። ቤተ መጻሕፍትና ዶርም ሳይፈርሙ ሬጅስትራር ይለቀናል እንዴ?

4ኛ. ቦታውን መልቀቅ። ይህ የ«ፍሪ ኔትዴቭ» ሥራ ነው። ሎከሩም አብሮ ስለሚሄድ ከዚህ በኋላ ዕቃዬን ልውሰድ ማለት አይቻልም።

3ኛውና 4ኛው ቢገለባበጡ፣ ክፍሉ ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ በአሮጌ ቁልፍ የሚገባ ሰው ይኖራል፤ ሲስተሙም ሊወድቅ ይችላል። 4ኛው ቢረሳ ደግሞ ድራይቨሩ ቢወጣም እንኳ ቦታው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ያላግባብ ተይዞ ይቆያል።

የኔ ላፕቶፕ የቆመው 3ኛው ላይ ነው። «ተጠቃሚ 1» ማለት አንድ ክፍል የተዋሰውን አልመለሰም፣ ማለትም ፕሮግራሙን የጻፈ ሰው አንዲት መስመር ስቷል ማለት ነው። መልእክቱ ከመጀመሪያውም ይህንኑ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን አላነበብኩትም።

ዜናውን ቀደድኩት። ባለሱቁ እስከ ዛሬ ምንም አያውቅም፤ ትናንትም ፋይል ገልብጦልኝ «ጎበዝ ተማሪ» ብሎ ሸኘኝ። ቢታተም ኖሮ ግን የእሱን ስም ማን ይመልስለት ነበር?