የቀለም ወጥመድ፦ ጎድሎ የተነደፈ ፊደል

የኅትመት ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነዳፊው ባሰመረለት ወሰን ውስጥ አይቆምም፤ በማተሚያው ግፊት ወደ ጎን ይገፋል፤ በወረቀቱ ክሮች መካከልም ይሰርጋል። በተለይ የጋዜጣ ወረቀት ቀለም መጣጭ በመሆኑ ፊደላት ከተነደፉት ይልቅ ወፍረው ይታተማሉ።

ጉዳቱ ግን በትልቅና በትንሽ ፊደል ላይ እኩል አይደለም። ቀለሙ በእያንዳንዱ ጠርዝ 0.05 ሚሊ ሜትር ሰፋ እንበል። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የርእስ ፊደል መስመር 0.9 ይሆናል፤ ይህን ዓይን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። 0.2 የነበረው ግን 0.3 ይሆናል፤ በግማሽ ወፈረ ማለት ነው። ሁለት መስመሮች በሹል ማእዘን በሚገናኙበት ስፍራማ ከሁለቱም ወገን የሚመጣው ቀለም ማእዘኑን ይደፍነዋል።

ይህ ችግር ጎልቶ የታየው በአሜሪካ የስልክ ማውጫ ላይ ነው። በ1938 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለኤቲኤንድቲ ኩባንያ ማውጫዎች «ቤል ጎቲክ» የተባለ ፊደል ተነድፎ ነበር። የፊደል ለቀማው ከብረት ወደ ካቶድ ጨረር ቱቦ ሲሸጋገር ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይቆራረጡ ጀመር፤ ይህን ለማካካስ ቀለም ሲጨመር ደግሞ የፊደላቱ ውስጥ ተደፈነ። 6 ቁጥር 8 መስሎ ከተነበበ ደዋዩ የማያውቀውን ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል።

ማቲው ካርተር በ1978 ባቀረበው «ቤል ሴንቴኒያል» ፊደል ቀለሙን ከመከልከል ይልቅ ማረፊያ አዘጋጀለት። መስመሮች በሚገናኙባቸው ማእዘኖች ላይ ጥልቅ ስርጉድ ቆረጠ፤ ይህም የቀለም ወጥመድ ይባላል። ቀለሙ ሲሰፋ ስርጉዱን ይሞላና ማእዘኑ ጥርት ብሎ ይወጣል። ነዳፊው የሠራው የተቦረቦረ ፊደል ነው፤ ሙሉ የሚያደርገው ማተሚያው ነው። የሚደንቀው፣ ካርተር ይህን ሁሉ ነጥብ በነጥብ በእጁ መንደፉ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንዲህ ያሉ ስርጉዶች በንግድ ዓርማዎችና በፖስተሮች ላይ በትልቁ ይታያሉ። በዚያ መጠን ቀለም ስለማይሞላቸው ጌጥ ሆነው ይቀራሉ። ያምራሉ፤ ሥራ ግን የላቸውም።

ለግዕዝ ፊደል ጉዳዩ ከጌጥ ያለፈ ነው። ኃምሱ «ሴ» ከሣልሱ «ሲ» የሚለየው በእግሩ ግርጌ ባለች አንዲት ትንሽ ቀለበት ነው። የቀለበቷ ውስጥ 0.25 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ከላይ በወሰድነው ስሌት ወደ 0.15 ይጠባል፤ የባዶው ቦታ ይዞታም ከመቶ ወደ 36 እጅ ይወርዳል። ጥቂት ቀለም ቢጨመር ልዩነቱ ይጠፋል። በላቲን ፊደል ማእዘን ላይ የተፈተነውን መድኃኒት እንዳለ መገልበጥም አይበቃም፤ የእኛ ፊደል በቀላሉ የሚደፈነው ቀለበቱ ላይ ነውና። ስለሆነም ለመድኃኒት መግለጫና ለመዝገበ ቃላት የሚነደፍ የግዕዝ ፊደል ቀለበቶቹ ሰፋ፣ ዙሪያቸው ቀጠን ማለት ይገባቸዋል፤ በኮምፒውተር መስኮት ላይ ቅርጻቸው ቢያስቀይምም እንኳ።

አንባቢው ሲ፣ ሴ፣ ቢ፣ ቤ የሚሉትን በተለያዩ የፊደል ዓይነቶች በ6 ነጥብ አትሞ፣ ቅጂውን ከቅጂው እያደረገ አራት አምስት ጊዜ በፎቶ ኮፒ ቢያባዛ የትኛው ቀለበት ቀድሞ እንደሚደፈን በዓይኑ ሊያይ ይችላል።