ልጃችንን በጥምቀት ሄደን እንጠይቃት?

ጥያቄ፦ ልጃችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለጥምቀት ሄደን በዓሉንም ልናከብር፣ እሷንም ልንጠይቃት አስበናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ጉዟችሁ ለበዓሉ ከሆነ ሂዱ፤ ለልጅቷ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ብትመርጡ ይሻላል። ጥምቀት ሲደርስ የጎንደር አልጋ ዋጋው ይንራል፣ የአውሮፕላን ትኬትም እንደ ልብ አይገኝም። ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ በሚተመው ሕዝብ መሀል ተቃጥሮ መገናኘት ራሱ ፈተና ነው። «በአንድ ወጪ ሁለት ጉዳይ» ትሉ ይሆናል። አባባሉ ባይከፋም የበዓል ሰሞን ዋጋ ቁጠባውን ይበላዋል፤ ልጅቷም አስጎብኚያችሁ ሆና ትውላለች። ወላጅ ዶርም ስለማያድር የምታገኟት ከክፍልና ከጥናት በተረፈው ሰዓት ብቻ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ፈተና ሲቃረብ ይጠፋል። ስለዚህ የፈተና ፕሮግራሟን አስቀድማችሁ ጠይቋትና ከፈተናው ቀጥሎ ያለውን ቅዳሜና እሁድ ያዙ። የምትማረው ማራኪ ይሁን ቴዎድሮስ ወይም ሌላ ግቢ አረጋግጡ፤ አልጋም በዚያው አቅራቢያ ፈልጉ። ከምትወስዱላት ስንቅ በሶው፣ ዳቦ ቆሎውና ድርቆሹ ሎከር ውስጥ ይቆያሉ። ዶሮ ወጡን ግን (መቼም ሳትይዙ አትሄዱም) በደረሳችሁበት ዕለት ከዶርም ጓደኞቿ ጋር አብራችሁ ብሉት። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ማጣራት አትርሱ።