ሽልማትና ወጣቱ አዝማሪ በጎንደር ፒያሳ

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ አዝማሪ በሚጫወትባቸው ምሽት ቤቶች «ሽልማት» ማለት አድማጭ ተነሥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ የሚለጥፈው ብር ነው። ዕድሜ አይጠይቅም፤ ዳኛውም ሸላሚው ራሱ ነው። የሚመዘነው ግን የዚያች ሌሊት ግጥምና ውዳሴ እንጂ ከአባት ወይም ከአጎት በዓመታት የተቀሰመው የማሲንቆ ሙያ፣ በትዝታም ሆነ በአንቺ ሆዬ ቅኝት የተገኘው ብስለት አይደለም።

መንግሥታዊ ሽልማት ወጣት ባለሙያን ሲያከብር በአገራችን ታይቷል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበል ገና 29 ዓመቱ ነበር። ለአዝማሪ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሕንድ ነው። የአገሪቱ የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የድራማ ብሔራዊ አካዳሚ በ2006 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ሽልማት ከ40 ዓመት ላልበለጡ ባለሙያዎች የሚሰጥ ሲሆን፣ የተሰየመው በኡስታድ ቢስሚላህ ካን ነው። ካን የሠርግ ማድመቂያ የነበረውን ሸህናይ የተባለ የትንፋሽ መሣሪያ ከአጎቱ ተምሮ ወደ ኮንሰርት መድረክ ያወጣ ሰው ነበር፤ ማሲንቆም የሠርግ ቤት ልጅ ነው።

ተመሳሳይ ሽልማት ለጎንደር ቢታሰብ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ዳኝነቱ ነው። የአካዳሚ ዳኛ ቅኝትንና አመታትን መመዘን ይችላል። አዝማሪ ግን የሚገጥመው ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ነው፤ ዳኛውን እንዳያወድስ ወይም እንዳይሸረድድ ከተከለከለ፣ ከሙያው ግማሹ ሳይመዘን ይቀራል።